በብልቃጡ የቀሩት ትሎች

አንኮና፣ ሰኔ 12

ውዷ ራይና፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ግን ጉንፋኑን፣ የአከራዬን ውሻና የጣሊያንን እርጎ ሳልቆጥር ነው። እርጎ ብለው የሚሸጡትን ብትቀምሺው ለባሕር ምርምር ጣቢያችን ድመት እንኳ አትሰጪውም።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ብልቃጦቹ ደርሰዋል፤ አንዱም አልተሰበረም። የአውቶቡሱ ሹፌር ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሲሰማ በሁለት ጣቱ ነው ያቀበለኝ። «ከቡልጋሪያ እስከዚህ ድረስ ትል ተሸክሜ ነው የመጣሁት?» አለኝ። ትል ብቻ አይደለም፣ የአሸዋ ቁንጫና ዛጎልም አለበት አልኩት። እሱም ብዙ አላጽናናውም።

ውላችንን ታውቂዋለሽ። አንቺ የመንደራችንን የፔሊኖቮን አሸዋ ከባሕሩ ሥር ታወጪያለሽ፣ በወንፊት ታጣሪያለሽ፣ እንስሶቹ እንዲታዩ ቀለም ትነክሪያለሽ፣ ከዚያ በወረንጦ ትለቅሚያለሽ፤ የለቀምሽውንም የተረፈውን አሸዋም በየብልቃጡ ትልኪልኛለሽ። እኔ ደግሞ ከየአሥሩ ብልቃጥ አንዱን ከፍቼ፣ ለቅመሽ ከጨረስሽ በኋላ የቀረ እንስሳ ካለ አያለሁ። ብዙ ከቀረ የክረምቱ ሥራ በሙሉ ይወድቃል፤ ማዘጋጃ ቤቱ በመስከረም መጨረሻ የሚጠብቀው የባሕር ዳርቻው የጤና ምስክርነትም አብሮ ይቀራል። ደግነቱ ይህ ላንቺ የሚነገር አይደለም። እስከ ዛሬ ካንቺ ብልቃጥ ያገኘሁት አንድ ትል ብቻ ነው፤ እሱንም አውቀሽ የተውሽልኝ ይመስለኛል፣ በልደቴ ሰሞን ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ላቼዛር ማነው? ባለፈው ደብዳቤሽ በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ተነስቷል። እኔ የተነሳሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሳልጠግነው ስለሄድኩት ቧንቧ። በሦስተኛው ላይ ደግሞ የሰውየው ስም አጥሮ «ላቾ» ሆኗል። እኔን ዶብሪን ብለሽ እስክትጠሪኝ ድረስ አንድ ክረምት ሙሉ «ባልደረባዬ» ነበርኩ።

ደግሞስ ደብዳቤ በታይፕ መጻፍ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው? ፖስታውን ስከፍት ከግብር ቢሮ የተላከ መስሎኝ ደነገጥኩ። ድሮ ከስምሽ በላይ የምትጽፊልኝ አንዲት መስመር ነበረች። አሁን የለችም። ምን እንደነበረች እኔም በዚህ ደብዳቤ አልጽፋትም፤ ታውቂያታለሽ።

ያንቺው ዶብሪን

———

ፔሊኖቮ፣ ሰኔ 28

ዶብሪን፣

እንዴት ነህ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሌላም ጉዳይ ነበረብኝ፤ ቫርና ሁለት ጊዜ ደርሼ መጥቻለሁ። ስትመጣ እነግርሃለሁ፤ የሚያጣድፍ አይደለም።

ላቼዛር የባሕር ዳርቻው ነፍስ አዳኝ ነው፤ ሰው ሲሰምጥ ዘሎ የሚያወጣው። ጠዋት ዋናተኞች ሳይመጡ ወንፊቱንና ባልዲውን እንዲሸከምልኝ ጣቢያው መደበልኝ። ጮክ ብሎ ያወራል፣ ማንም ሳይጠይቀው ይዘፍናል፣ የተጠበሰ ዓሣ ከነአጥንቱ ይበላል። ስሙን ያሳጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ መንደሩ በሙሉ ላቾ ነው የሚለው።

ታይፑ ደግሞ ጣቢያው የጽሕፈት መኪና ስላገኘ ነው። በእጅ መጻፍ ሰለቸኝ። ስለዚያች መስመር ላልከው፣ አልረሳኋትም። በታይፕ አትጻፍም።

በደቡብ በኩል ያለው አዲሱ ሆቴል የቆሻሻ ቧንቧውን ወደ ባሕሩ አስረዝሟል። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ግን ብልቃጦቹ ደህና ናቸው። ዛጎሉ በሽ ነው፣ የአሸዋ ቁንጫውም አለ። ቆሻሻ በፈሰሰበት ሁሉ የሚረባው ቀዩ ክር ትል የለም ማለት ይቻላል። ባሕራችን ጤነኛ ነው። ክፈታቸውና አንተም እየው።

ሰላም ሁን፣
ራይና

———

አንኮና፣ ሐምሌ 9

ራይና፣

ሰላምታውን ዛሬ ባጭሩ ተቀበዪኝ። እንዳለሁ አለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ዶና ጽፋልኛለች። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ «ልጄ ዶብሪን፣ እኔ በሰው ቤት ጉዳይ አልገባም። ግን ሚስትህ ጀምበር ስትጠልቅ የዚያን ግንድ የሚያህል ሰውዬ ክንድ ይዛ በአሸዋው ላይ ስትሄድ መንደሩ በሙሉ አይቷታል። የተቀረውን አንተ ታውቃለህ። ዘንድሮ ቲማቲሙም አላማረም።»

ስለ ቲማቲሙ አዝናለሁ።

ቅናተኛ አይደለሁም የሚል ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እንግዲህ እውነቱን ልጻፈው፤ ቀንቻለሁ። በባልዲው ቀናሁ፣ በዘፈኑ ቀናሁ፣ ከነአጥንቱ በሚበላው ዓሣ ሁሉ ቀናሁ። ምሳ ላይ ሹካዬን ይዤ ስቀመጥ ክንዱ ይታየኛል። አይቼው የማላውቀው ሰው ክንድ።

ለመሆኑ በትዳራችን አንቺ የኔን ክንድ የያዝሽው መቼ ነው? በሠርጋችን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ስንወርድ ክንዴን ብዘረጋልሽ፣ «ደረጃ መውረድ እችላለሁ» ብለሽ በሰው ፊት ጥለሽኝ ወረድሽ። እናቴ እስክትሞት ድረስ አልረሳችውም። እኔ ግን ወደድኩት፤ ይህቺ ሴት የማንንም ክንድ አትፈልግም ብዬ ኮራሁ። ለካ የኔን ብቻ ነው የማትፈልጊው።

እሁድ ስደውልልሽ ስልኩን ለምን ዘጋሽው? ከኋላሽ የሚዘፍነውስ ማን ነበር?

ዶብሪን

———

ፔሊኖቮ፣ ሐምሌ 24

ዶብሪን፣

ስልኩን የዘጋሁት ተቆጥቼ አይደለም። የምትጠይቀኝን ልመልስልህ ስላልቻልኩ ነው። የሚዘፍነው ላቾ ነበር፤ ወንፊት እያጠበ።

ክንዱን መያዜ እውነት ነው። ማዕበሉ ዘንድሮ አሸዋውን ቆፋፍሮታል፤ ሲመሽ ያደናቅፋል። ለእትዬ ዶናም ለአንተም ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የላክህልኝን መጽሐፍ ወደድሽው ወይ ብለህ በስልክ ለጠየቅከኝ፣ ገና አልጀመርኩትም። ይቅርታ። ጠረጴዛው ላይ አለ።

በለሱ ደርሷል። ያንተን ድርሻ እትዬ ዶና ትብላው፤ አፏ ለትንሽ ጊዜ ሥራ ያገኛል።

ብልቃጦቹን እስካሁን ለምን አልከፈትካቸውም? እኔ የምጠብቀው እሱን ነው። ሌላው ሁሉ ይቆይ። ሥራህን ሥራ።

ራይና

———

አንኮና፣ ነሐሴ 8

ራይና፣

ከፈትኩ።

በቀለሙ ልጀምር። እኛ እንስሶቹ ቀላ እንዲሉ ጠብ ብቻ ነው የምናደርገው። ይሄ የቀይ ሥር ወጥ ነው። አሸዋው ቀልቷል፣ ክዳኑ ቀልቷል፣ ያንቺ ላቾ አጥር ሲቀባ ያደገ ሰው መሆን አለበት። ከጣቶቼ ቀለሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ አከራዬ ሴትዮ አይታ «ማንን ገደልክ?» አለችኝ። ገና ነኝ አልኳት።

ይሄም ይሁን። የቀረውን ሳይ ግን ተቀመጥኩ። የለም ያልሽኝ ቀዩ ክር ትል ብልቃጡ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ለቃሚው አንድ ሁለቱን አይደለም የሳተው፣ ሁሉንም ነው ያለፈው። ባሕራችን ጤነኛ የመሰለው ትሉ ስላልተቆጠረ ነው። የሆቴሉ ቧንቧ የሚያደርገውን አድርጓል፣ እኛ ደግሞ ደህና ነው ብለን ልንፈርምለት ነበር። በደንቡ መሠረት ክምችቱ በሙሉ መውደቅ አለበት።

አሁን የምጽፈው ከዚህ ሁሉ የባሰውን ነው። ይህን አንቺ አልለቀምሽም። ያንቺን እጅ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ወረንጦሽን ለዚያ ሰውዬ ሰጥተሽዋል። ያንን ጫፉ የቀጠነ፣ በብርድ ልብስ ጨርቅ ጠቅልለሽ የምታስቀምጪውን ወረንጦ። እኔ አንድ ቀን እሾህ ላወጣበት ብነካው እጄን መትተሽኛል። ክንዱ ይቅር፣ ክንድ ማንም ይይዛል። ወረንጦውን ግን እንዴት አስቻለሽ?

ለማርያም በዓል ቤተ ክርስቲያን ከማን ጋር ልትሄጂ ነው?

ዶብሪን

———

ፔሊኖቮ፣ ነሐሴ 20

ዶብሪን፣

ላቼዛር አንድም ብልቃጥ አልነካም። ወረንጦዬንም አልነካም። የለቀምኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙን ያበዛሁትም እኔ ነኝ። ትሉን ያለፍኩትም እኔ ነኝ።

ቫርና ላለው ዋና መሥሪያ ቤታችን ስትጽፍ እንዲሁ ብለህ ጻፍ። ጣቢያውን ልቀቂ ካሉኝ እለቃለሁ። የሌላ ሰው ስም እንዳታነሳ እለምንሃለሁ። ልመና ከኔ ሰምተህ አታውቅም፤ ይህን እንደ ልመና ቁጠረው።

ለማርያም በዓል የትም አልሄድኩም።

ራይና

———

አንኮና፣ ነሐሴ 29

ራይና፣

እንግዲህ እስከዚህ ደርሰናል፤ ጥፋቱን ልትሸከሚለት ወደሻል።

እኔ ትልቁን ወንፊት የሰበርኩ ዕለት ምን እንዳደረግሽ ታስታውሻለሽ? ሳይመሽ ለኃላፊው ነገርሽ። እራት ላይ ስጠይቅሽ «ሰብረሃላ» አልሽኝ። ባልሽ ነበርኩ። ለኔ አንዲት ትንሽ ውሸት አውጥተሽ አታውቂም፤ ለሱ ግን የዕድሜ ልክ ስምሽን ታወጪለታለሽ። ከሱ ጋር ስትስቁ ባገኛችሁ ይሻለኝ ነበር። ሳቅ ያልፋል።

ብልቃጦቹን እንኳ እሱን የምትጠብቂውን ያህል አልጠበቅሽልኝም።

እዚህ ያለው አለቃዬ አንድ ዓመት ጨምር ብሎ ጠይቆኝ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ እያልኩ ሳልመልስለት ቆይቻለሁ። ነገ እሺ እለዋለሁ። ለቫርናም እጽፋለሁ፤ የነፍስ አዳኙን ስም ጭምር።

ዶብሪን

———

አንኮና፣ መስከረም 3

ራይናዬ፣

ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶሽ ከሆነ አቃጥይው። ካልደረሰሽም ሲደርስሽ ሳትከፍቺ አቃጥይው።

ለቫርና ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ማስረጃው በዝቶ ሰውየው መግቢያ እንዲያጣ ብዬ፣ ተራቸው ያልሆኑትን ብልቃጦች ሁሉ ከፈትኩ። ሐሳቤ ላዋርደው ነበር። ትሉን ካለፈ ዛጎሉንም አልፏል ብዬ ዛጎል ፈለግሁ። አንድም አጣሁ። የጤፍ ፍሬ የማታክል ዛጎል እንኳ ተለቅማለች። የአሸዋ ቁንጫውም ልጣጩ ደረቅ ስለሆነ አንድ ሳይቀር ተለቅሟል። ግዴለሽ ሰው እንዲህ አይለቅምም። ግዴለሽ ሰው ሁሉንም ነው የሚስተው።

ብዙ ሰዓት ብልቃጦቹን ሳይ ቆየሁ። የተለቀመው የሚኮሰኩሰው ነው፣ የቀረው ለስላሳው። ከዚያ ለቅመሽ ከላክሽው ዛጎልና ከቀረው ትል ሳህን ላይ ቀላቅዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አሳለፍኩበት። ጣቴ ያገኘው ዛጎሉን ብቻ ነበር።

የምትለቅሚው በጣትሽ ነው። ቀለሙን ያበዛሽውም ጥላው እንኳ እንዲታይሽ ነው።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ታይፑ፣ ቫርና ሁለት ጊዜ መሄድሽ፣ ያልጀመርሽው መጽሐፍ፣ ሲመሽ የሚያደናቅፈው አሸዋ። ክንዱ። ይሄን ሁሉ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኔ የማነበው የሰውየውን ስም ብቻ ነበር።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ያህል ይታይሻል? ለምን አልነገርሽኝም?

አሁንም እየቀናሁ ነው፣ አልዋሽሽም። እሱ ያወቀውን እኔ ሳላውቅ ክረምቱ በማለፉ ነው የምቀናው። ይሄኛው ከበፊቱ ሁሉ ይከፋል።

ዶብሪን

———

ፔሊኖቮ፣ መስከረም 14

ዶብሪን፣

ይህን የሚመታው ላቾ ነው። ያለፉትንም የመታው እሱ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ ያንተንም ሲመጣ ያነብልኛል። ያቺን መስመር ለምን እንደማልጽፍልህ አሁን ገባህ? እንዴት ብዬ በነፍስ አዳኝ ላስመታት።

የጀመረኝ አንተ በሄድክ በወሩ ነው። የሚጠፋው መሃሉ ነው። የሰው ፊት ስመለከት ጆሮው ይታየኛል፤ ፊቱ ባለበት ቦታ ግራጫ ነገር አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን ሳየው የማየው ጆሮህን ነው። ደግነቱ ካንተ ጆሮ የሚታይ አይጠፋም። የቫርናው ሐኪም መሃሉ አይመለስም፣ ጠርዝ ጠርዙ ግን ይቆይልሻል አለኝ።

ለምን አልነገርሽኝም ላልከው፣ ብነግርህ ሁሉን ጥለህ ትመጣ ነበር። ይሄ አንዱ ነው፤ ለሰው የሚነገረው። ሌላው ለሰው አይነገርም፣ ላቾ ግን ጻፈው። ስትቀናብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ያዝንልኛል። ላቾ ያዝንልኛል፤ አትንቀሳቀስ፣ ጻፍ፣ ታዝንልኛለህ። እትዬ ዶና ብታውቅ በየቀኑ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። አንተ ብቻ ነበርክ የምትቆጣኝ። ሰው ሊነጥቅህ የሚመኛት ሴት አድርገህ ስትጽፍልኝ፣ ደብዳቤው ተነቦ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ያልጎደለኝ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ስታለቅስ ከማገኝህ ስትናደድ ማግኘት መረጥኩ።

ክፉው ነገር ትሉ ነው። ጣቴ ያላገኘውን የለም ብዬ ጻፍኩ፣ ባሕሩ ጤነኛ ነው ብዬ ጻፍኩ። ላቾ ላግዝሽ ሲለኝ ወረንጦዬን አልሰጥም አልኩት። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ዓይኔ አያሳፍረኝም። ክምችቱን ጣለው። ለቫርና የምትጽፈውን ጻፍ።

ሁለተኛውን ዓመት እሺ አልክ ወይ? ይሄን ብቻ መልስልኝ።

ራይና

ከጸሐፊው፦ አቶ ዶብሪን፣ ጤና ይስጥልኝ። «የነፍስ አዳኙን ስም ጭምር» የሚለውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ግንድ የሚያህል» የሚለውንም እኔው ነኝ። ባለቤትዎ ስቀው ሊሞቱ ነበር፤ እኔ አልሳቅኩም። ሳትከፍቺ አቃጥይው ያሉት ከተነበበ በኋላ ነው የደረሰን። መዝፈኔን ግን አልተውም። ላቼዛር።

———

አንኮና፣ መስከረም 25

ለራይና፣ ላቼዛር እንዲያነበው፤

ላቼዛር፣ ቀስ ብለህ አንብብ። ጉሮሮህን መጀመሪያ አጽዳ። በዜማ እንዳታደርገው።

ራይና፣ ሁለተኛውን ዓመት እሺ አላልኩም። አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ሚስቴ ከአንድ ነፍስ አዳኝ ጋር ክንድ ለክንድ ትሄዳለች አልኩት። እዚህ አገር ይሄን ቶሎ ይረዱታል፤ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ የሥራ ማብቂያዬን ፈረመልኝ።

ለቫርናም ጽፌያለሁ። ክምችቱ ወድቋል ብያለሁ፣ ወድቋልና። ለቃሚዋ ዓይኗን ታማ ሳትናገር ሠርታለች፣ አራሚው ደግሞ በጊዜ መክፈት ሲገባው በሌላ ሐሳብ ተጠምዶ ከርሟል ብያለሁ። በምን ሐሳብ እንደሆነ አልጻፍኩም። እስከ ታኅሣሥ፣ እስከ ቅዱስ ኒኮላስ በዓል ድረስ ቀን ጨምሩልን፣ ሁሉንም ብልቃጥ እንደ አዲስ እንለቅማለን አልኳቸው፤ እሺ ብለዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ምስክርነቱን ዘግይቶ ያገኛል፣ ሲያገኘውም አይወደውም። ባሕራችን ታሟል። ከትሉ ጀምረን እንነግራቸዋለን፣ ቧንቧው ጋ እስክንደርስ።

አለቀማመዱም እንዲህ ይሆናል። ዛጎሉንና ቁንጫውን አንቺ በጣትሽ ትለቅሚያለሽ፤ በዚያ በኩል ካንቺ የሚሻል እንደሌለ ብልቃጡን ሁሉ ከፍቼ ስፈልግ አረጋግጫለሁ። ትሉን እኔ እለቅማለሁ፣ ስሙን አንቺ ትነግሪኛለሽ። ወንፊቱ የላቼዛር ነው። ወረንጦውን ለኔ ትሰጪኛለሽ። እጄን መምታት አይፈቀድም።

ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። በባዕድ ሰው አንደበት ይቅርታ መጠየቅ ግን ከብዶኛል፣ ያውም በሱ። ላቼዛር፣ አንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይሄን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ሦስተኛ አልጽፈውም። ሚስቴን አሸዋ ላይ ሳትወድቅ አክርመህልኛል። እኔ ግን አሁንም ባየሁህ ቁጥር ትንሽ እበሳጭብህ ይሆናል፤ ልምድ ሆኖብኛል፤ ታገሠኝ።

ከዚህ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። ላቼዛር፣ አትፈልግ፤ ምንም አልተጻፈበትም። እሷ ታውቀዋለች።

አውቶቡሱ ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የፔሊኖቮ መገንጠያ ላይ ያወርደኛል። እትዬ ዶና መስኮቷ ላይ ትሆናለች፤ ትሁን። ብርድ ቢሆንም ቆብ አላደርግም፣ ጆሮዬን አይተሽ እንድታውቂኝ። ከቤት እስከ ፌርማታው መንገዱ ጎርባጣ ነው፤ የላቼዛርን ክንድ ይዘሽ ነይ። ከሩቅ አያችኋለሁ፣ እቀናለሁም። ከፌርማታው እስከ ቤት ግን የምትይዢው የኔን ነው።

ዶብሪን